የማረፊያው ገጽ

ይሁኔ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። ጤናህን ስጠይቅህ እውነቱን እንዳልነገርከኝ ባለፈው እሁድ ደርሼበታለሁና ይቺን የደብዳቤ ወግ አንተ ላይ አላባክናትም። ከተለየኸን ዛሬ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እስካለፈው እሁድ ድረስ አልቅሼልሃለሁ። ይህን የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ማህሌት የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነው። በጓሮ በኩል ያለው የቀርከሃ አጥር ወድቆ መልሼ አሠርቼዋለሁ። የሳሎኑ ጣሪያ እንደ አምናው ያፈሳል፤ የእንጅባራ ክረምት አንተ የለህም ብሎ አላዘነልንም። ኮምፒውተርህን ከሚያፈስበት ጥግ አርቄ፣ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ ገፍቻታለሁ።

የሰው ሁሉ ዓይን ያለው ኮምፒውተሯ ላይ ነው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሳይቀሩ «ይቺ ናት?» እያሉ እያዩዋት ወጥተዋል። ወንድምህ ጋሽ ቢተው ከአዘና በመጡ ቁጥር «ወንድሜን የበላችው ይቺ ማሽን ናት፤ ከዚህ ቤት ትውጣ» ይሉኛል። ሃያ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርክ ሰው፣ በሞትክ ማግስት ጨዋታ የገደለው ሰው ሆንክ። ርዕሰ መምህሩስ ብትል? ኮምፒውተሯን ክፍል አስገብቼ በረራ እንዴት እንደሆነ ለተማሪዎችህ ላሳይ ብለህ ስትለምነው «መምህር፣ ጨዋታ በቤት ነው» እያለ ሲመልስህ የኖረ ሰው፣ ቀብርህ ላይ ተነሥቶ «ሳይንስን ከሰማይ አውርዶ ያሳየን ባለ ራዕይ» ብሎ አነበበ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ባይዙኝ ወረቀቱን ከእጁ እነጥቀው ነበር።

አንተ ጨዋታ ብለሃት አታውቅም። እኔ ግን ብያታለሁ፤ አልክድም። ያን የአውሮፕላን ማብረሪያ ፕሮግራም ከባሕር ዳር በፍላሽ አምጥተህ የጫንክ ጊዜ፣ ጎልማሳ ሰው ስክሪን ፊት ተቀምጦ «ተነሣሁ» ሲል ሰምቼ ኩሽና ገብቼ ሳቅሁብህ። በኋላ ሳቁ ቀረ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ከቦሌ ተነሥቶ ሰባት ሰዓት ያህል በርሮ ቤልጅግ አገር ሊዬዥ የሚያርፈው የጭነት በረራህ የቤታችን ሥርዓት ሆነ።

ሰው ጭነህ መብረር ትችል ነበር። ጭነት የመረጥክበትን ምክንያት የነገርከው ለእኔ ብቻ ነው። አባታችሁ የቆፈሩት ድንች፣ መንገዱ በክረምት ተቆርጦ መኪና ሲጠፋ፣ አዘና ገበያ ዳር በየጆንያው ሲበሰብስ በልጅነትህ አይተሃል። ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም ትለኝ ነበር። ስለዚህ የጭነቱ ዝርዝር ላይ ሁልጊዜ ድንች ትጽፋለህ። ፕሮግራሙ ሰዓት የሚያፋጥን ቁልፍ እያለው አንድም ቀን ነክተኸው አታውቅም። «ሰሃራን ዝለላትና ምሳ እንብላ» ብልህ፣ «የዘለልኩትን በርሬዋለሁ ማለት አልችልም» አልከኝና ምሳህን እዚያው ጠረጴዛ ላይ በላህ። መብራቱ ግን ሱዳን ላይ ይጠፋብሃል፤ ከበረታ ግብጽ ድረስ ያደርስሃል። ያቆምክበትን መዝግበህ በሌላ ቀን ትቀጥላለህ እንጂ ቦሌንና ሊዬዥን በአንድ መቀመጫ አገናኝተህ ሳታይ ሄድክ።

ከመነሣትህ በፊት ስንት ነገር ትፈትሽ ነበር! በእጅህ በአማርኛ የጻፍከውን ደብተር እኔ አነባለሁ፣ አንተ ትመልሳለህ። ነዳጅ? በቂ። በሮች? ተዘግተዋል። የክብደቱ ሚዛን? ተስተካክሏል። አንዷን መስመር ብዘልብህ «ሲስተር፣ ከላይ ጀምሪ» ትለኛለህ፤ ከላይ እጀምራለሁ። ማረፉን ግን በቃልህ ነበር የምትወጣው። በዚያ ሰዓት እኔም ወይ ዕቃ አጥባለሁ፣ ወይ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነኝ። የደብተሩን የመጨረሻ ገጾች ገልጬ አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ማጅራትህን ይዘህ ግድግዳ ስትደገፍ አይቻለሁ። ደረጃ ወጥተህ ስትመለስ ዓይንህ ሲቀላ አይቻለሁ። የግፊት መለኪያዬን ይዤ አጠገብህ ስቆም «ካረፍኩ በኋላ» ትለኛለህ። ካረፍክ በኋላ ደግሞ የተማሪ ፈተና ታርማለህ። የሌለች አውሮፕላን፣ የሌለ ድንች ጭና ከመነሣቷ በፊት ሩብ ሰዓት የምትፈትሽ ሰው፣ ያለውን ክንድህን ለሁለት ደቂቃ ከለከልከኝ። ማንን? ሚስትህን፣ ያውም ነርሷን።

ከዚያ በዚያ ሰኞ ጠዋት ጠመኔ እንደያዝክ ሰሌዳው ሥር ወደቅህ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱህ፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር በአምቡላንስ ስንወስድህ ዳንግላን ሳናልፍ እጄ ውስጥ ቀዘቀዝክ። ግፊት እንደሆነ ገብቶኛል። ነርስ ሆኜ ባሌን ሳልለካ ገደልኩት እያልኩ ሰባት ወር ራሴን በላሁ። ጤና ጣቢያ የሰው ክንድ ላይ መለኪያውን ባሠርኩ ቁጥር ያነበብኩትን ሳላምን ሦስት ጊዜ እለካ ነበር። ይህን ማንም አያውቅም፤ አንተ እወቀው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ቢተው እሁድ መጥቼ ማሽኗን እወስዳታለሁ ብለው ላኩብኝ። ሽማግሌን አይሆንም ማለት ከበደኝ። ግን ማሽኗ ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ አውሮፕላንህን እኔው ራሴ ሊዬዥ አደርሳታለሁ አልኩ። ማህሌት አክስቷ ቤት ሄዳለች፤ ብቻዬን ነኝ። ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሰዓት ላይ ደብተርህን ገልጬ፣ ጥያቄውንም መልሱንም እኔው እያነበብኩ ከቦሌ ተነሣሁ። ሁለት ጊዜ ከመንገዱ ወጥቼ እንደገና ጀምሬያለሁ፤ በሦስተኛው ተነሣች። ጭነቱ ላይ ድንች ብዬ ጻፍኩ። መብራቱን ተመልከት እንግዲህ፣ ያን ሁሉ እሁድ አንድ ቀን ላንተ ያልዋለ መብራት፣ በሰኔ ዝናብ ውስጥ ብልጭ ሳይል ዋለ። በእሱም ተናደድኩ።

ጋሽ ቢተው የመጡት ግብጽን አልፌ ባሕሩ ላይ ስደርስ ነው። ኮታቸው በስብሶ ነበር። ሻይ ሰጥቼ «እስክደርስ ይታገሡኝ» አልኳቸው። ከኋላዬ ተቀምጠው ስክሪኑን እያዩ «ምን ጭናለች?» አሉኝ።

«ድንች።»

«የማን ድንች?»

«የአባታችሁ። አዘና ላይ የበሰበሰው።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ስለ መውሰድ አላነሡም።

መውረጃዬ ሲደርስ የማረፊያውን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጥኩ። ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች ወደቁ። አንዱ ባሕር ዳር ካለ ክሊኒክ የተጻፈ የምርመራ ውጤት ነው። ስምህ አለበት። ቀኑ ከመሞትህ ሁለት ወር በፊት፣ ለኮምፒውተሯ የአውሮፕላን ማብረሪያ መሪ ልገዛ ብለህ የሄድክበት ቅዳሜ ነው። ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ነው፣ መድኃኒት ዛሬውኑ ይጀምር፣ በሳምንቱ ይመለስ ይላል። ሁለተኛው የመድኃኒት ማዘዣው ነው። ማዘዣ እኮ መድኃኒቱ ሲገዛ ፋርማሲው ዘንድ ይቀራል፤ ያንተ እኔ እጅ ላይ ነበር። አልገዛኸውም ማለት ነው።

ሁለት ወር። እኔ ልለካህ ስለምንህ የምታውቀውን ደብቀህ «ካረፍኩ በኋላ» ትለኝ ነበር። ክኒኑ እኮ ጤና ጣቢያችን ውስጥ፣ እኔ ቁልፉን የምይዘው መደርደሪያ ላይ ነበር! እንዳልጨነቅብህ ነው? እሁድህን እንዳልከለክልህ ነው? ምክንያት ስፈልግልህ ሳምንት ሞላኝ፤ አንተን ነጻ የሚያወጣ ምክንያት አጣሁ።

ምን ያህል እንደጮህኩ አላውቅም። ጎረቤት በሩን አንኳክቶ ጋሽ ቢተው መልሰውታል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነውና ለእሳቸው እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው «እንግዲያ ማሽኗ አይደለችማ» አሉ። «አይደለችም» አልኩ። ከዚያ ስክሪኑን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ብርቱካን፣ ይቺ ነገር ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉኝ።

ዞር ብል ሊዬዥን አልፋለች። አውሮፕላኗ በራሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ከፊቷ ሌላ ባሕር ነው። ልተዋት አሰብኩ። እግዜር ያውቃል፣ ነዳጇን ጨርሳ ባሕር ትግባ ብዬ ነበር። ጋሽ ቢተው ግን «ድንቹ?» አሉ። እንዲህ ብቻ ነው ያሉት። እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ መለስኳት። ገጽህን እያነበብኩ ጎማውን አወረድኩ፣ ፍጥነቱን ቀነስኩ፤ ስትነካ ግን ነጥራ ከመንገዱ ወጣች፤ ሣሩ ውስጥ በአንድ ክንፏ ተጋድማ ቆመች። አንተ ብታይ ታፍርብኝ ነበር። ግን ሰዓት ሳልዘል፣ በአንድ መቀመጫ አደረስኳት።

ከዚያ ከቦርሳዬ መለኪያውን አወጣሁና ለወንድምህ «ክንድዎን ይስጡኝ» አልኳቸው። «እኔ ምን ሆኜ» አሉ። እኔም እርስዎ ማለቴን ሳልተው፣ ሽማግሌ ላይ አውጥቼው በማላውቀው ድምፅ «ይስጡኝ ብያለሁ» አልኩ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ እንዳንተው። ለካ እሳቸውም ማለዳ ማለዳ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ለልጆቻቸው አልተናገሩም። እዚሁ አሳድሬ ሰኞ በማለዳ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። መድኃኒት ጀምረዋል። ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ፤ «ውጠዋል?» እላለሁ። የእሳቸው ስልክ እምቢ ሲል ለጎረቤታቸው እደውላለሁ። እኔም አሁን አንዴ ለክቼ ያነበብኩትን አምናለሁ።

ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ኮምፒውተሯን ለመታሰቢያ ብትሰጪን ብሎ ሰው ላከብኝ። አልሰጠሁም። ማየት የሚፈልግ ተማሪህ ቤታችን ይምጣ፤ ማህሌት ታሳየዋለች። ከአስተማሪ ጓደኞችህም ከሰላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ሐሙስ ሻይ ሰዓት ላይ ክንዱን አዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ብያለሁ። ይስቁብኝ።

ትናንት ለሙት ዓመትህ የሚቆመውን የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ አዘጋጅተው አመጡልኝ። «በድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም ድካም ያረፈ» ይላል። እርሳስ አንሥቼ «በድንገተኛ ሕመም» የሚለውን ሰረዝኩት። ድንገተኛ አልነበረም፤ ሁለት ወር ነበረህ። ሰዎቹ ደንግጠው በምትኩ ምን ይጻፍ አሉኝ። ስሙንና መምህር መሆኑን ጻፉ፣ ይበቃል አልኳቸው።

ይቅር አላልኩህም፤ ገና ነኝ። ለማህሌት ግን ሁለቱንም እነግራታለሁ፤ ሰሃራን ለመዝለል እምቢ ያልክበትንም፣ ሁለቱን ወረቀት አጥፈህ የደበቅክበትንም። ሌላው ሰው ደህና ደህናውን ያስታውስልህ። ሙሉውን የማስታውስህ እኔ ነኝ።

ሚስትህ ብርቱካን
እንጅባራ