ከጀርባ የተቀባ ቀይ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7፣ 2008፣ ረፋድ

የማስታምማቸውን ሚስ ሩትን አጥቤ፣ አልብሼ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ሮውሌት ከተማ ዛሬ ዝናብ ነው። እሳቸው ካርቱን እያዩ ነው፤ የጥንት፣ ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ያለበት። ልጃቸው ሊን ናት ሲዲውን ያመጣችው፣ ዝም እንዲሉላት። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ድንገት ሪሞቱን አንስተው አቆሙት። ካባውን በጣታቸው እያሳዩ ያን ቀይ የቀባሁት እኔ ነኝ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ሊን ቀድማ ነግራኛለች፤ ይዘባርቃሉ፣ አትከራከሪ ብላ። አልተከራከርኩም። ሶ፣ ምሳ ልሥራ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ደብተሬ፣ አፍሬያለሁ።

ቀጭን ብሩሽና ቀለም ግዢልኝ ብለውኝ ነበር። ለማስደሰት ብዬ ገዛሁ። ማንኪያ መያዝ ያቃተው እጅ! ትንፋሻቸውን ያዝ አደረጉ፤ ከዚያ አንድ መስመር። የካባው ጠርዝ፣ ከትከሻ እስከ ተረከዝ፣ ሳይሰበር። እኔ በጥልፍ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ የለመደ እጅ ሳይ አይጠፋኝም።

ከዚያ አወሩኝ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመታቸው፤ ካርቱን የሚሠራበት ድርጅት ተቀጥረው። ወንዶቹ ፎቅ ላይ በእርሳስ ይስላሉ። ሴቶቹ ታች፣ ነጭ ጓንት አድርገው፣ ሥዕሉን ስስ ፕላስቲክ ላይ ይገለብጣሉ፤ ከጀርባው ቀለም ይሞሉታል። ለአንዲት ዝላይ ስንትና ስንት ፕላስቲክ። ፊልሙ ላይ የወንዶቹ ስም ይወጣል። የሴቶቹ የለም። ፕላስቲኩም ታጥቦ ለሌላ ሥራ ይውላል።

«ሥራችንን እኛው ነበርን የምናጥበው» አሉኝና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ደሴ እያለሁ የጠለፍኩት ቀሚስ ሁሉ የባለሱቋ የእጅ ሥራ ተብሎ ነበር የሚሸጠው። ዐይኔ የፈሰሰው እኔ፣ የተመሰገነችው እሷ። ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

ማክሰኞ 14

የድሮ ካርቱን ወዳጆች ቅዳሜ ግሬፕቫይን ከተማ አንድ ሆቴል ይሰበሰባሉ። ሚስ ሩት ጋዜጣ ላይ አይተው ልሂድ አሉ። ሊንን ኮል አደረግኳት። አይሆንም። ሰው ፊት ይዋረዳሉ፣ እኔንም ያዋርዱኛል አለች። ሌላ ቃል የለም። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ሚስ ሩት ሰምተዋል። ራት እምቢ አሉ።

ቅዳሜ 18፣ ማታ

ወሰድኳቸው። ማንንም ሳልጠይቅ።

ሆቴሉ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ዊልቸሩን አወረድኩ። ውስጥ ካባ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች፣ ጢማቸው የሸበተ። መድረክ ላይ አንዱ ይናገራል፤ የዛሬው የጀግና ፊልም ሁሉ የእነዚህ ካርቱኖች ልጅ ነው፤ አበራረሩ፣ ጥላው፣ ቀለሙ ሳይቀር። የስድስት ወንዶች ስም ጠራ። ሚስ ሩት አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ጭብጨባ። አለቀ።

ከዚያ አንድ ሻጭ ጋ ደረስን። ከመታጠብ የተረፈ አንድ ፕላስቲክ በመስታወት ሰቅሏል፤ ጀግናው ክንዱን ዘርግቶ። ሥሩ የአንድ ወንድ ሠዓሊ ስም። ሚስ ሩት ይህ የእኔ ነው አሉት። ሰውዬው ለሕፃን እንደሚሳቅ ሳቀላቸው። ማስረጃ አለዎት ወይ አለ።

«ገልብጠው። ግራ ክርኑ ጋ ቀዩ ሰማያዊው ላይ ወጥቷል። ከፊት አይታይም። ያን ቀን እናቴ ታማብኝ ነበር፣ ቸኩዬ ነው» አሉት።

አልገለብጥም አለ። እኔም አልሄድም አልኩ። ሰው ከበበን። ግራ ገባው፤ ከመስታወቱ አውጥቶ ገለበጠው።

ግራ ክርኑ ጋ። ጥፍር የምታህል ቀይ፣ ሰማያዊው ላይ።

ሰውዬው ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ አመሰገናቸው፣ እጃቸውን ጨበጠ፣ ሥዕሉን መልሶ ሰቀለ። ከሥሩ ያለውን ወረቀት አልነካውም። የዚያው ወንድ ስም። ለምን አትቀይረውም አልኩት። ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ሰምቶኛል።

መኪና ውስጥ ሚስ ሩት ደስ ብሏቸው፣ አየሽው ወይ፣ አየሽው ወይ። እኔ ነኝ እስከ ሮውሌት ስንገበገብ የመጣሁት።

ሰኞ 20

ሊን ሰማች። ሚስ ሩት ራሳቸው ነግረዋታል፣ በደስታ።

አስታማሚ አድርጎ የቀጠረኝ ኤጀንሲ፣ ሊን አመልክታብኝ፣ ጠራኝ። ሱፐርቫይዘሯ ክፉ ሴት አይደለችም፤ መውጫ ፈለገችልኝ። ሪፖርቱ ላይ ታካሚዋ ግራ ተጋብተው፣ ያልነበረውን ነበር ብለው፣ ውሰጂኝ እያሉ አስጨነቁኝ ብዬ ከጻፍኩ በማስጠንቀቂያ ያልፋል። ካልሆነ ሥራ የለም፤ እዚህ ብቻ ሳይሆን የትም ቤት። ማለቴ፣ አንድ መስመር ውሸት ናት። ማን ያነባታል?

መኪናዬ ውስጥ የሪፖርቱን ፎርም ጉልበቴ ላይ አድርጌ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። በሊን ተናደድኩ። በሻጩ። ቀላሏን መንገድ በማየቴ፣ በራሴም።

ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ፣ በሰባራው እንግሊዝኛዬ ጻፍኩ። ሳላስፈቅድ መውሰዴ የእኔ ጥፋት ነው። ሚስ ሩት ግን ግራ አልተጋቡም። ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ተመልሼ ገብቼ ለሱፐርቫይዘሯ ሰጠኋት፤ አነበበችው። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለችኝ።

የሚስ ሩትን ቤት ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።