የአባታችን ጣፋጭ ደም

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሰኪና ሁሴኖ፤ ድሬዳዋ።

ሰላምታዬ ከጭላሎ ጫፍ ተነስቶ፣ የናዝሬት አቧራ ሳያጠይመው፣ የአዋሽ ሙቀት ሳያጠወልገው፣ ከእጄ እንደወጣ ደጅሽ ይድረስ። እንደምን ከርመሻል እታለም? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው? የባለቤትሽ የኢድሪስ ጉልበትስ ተሻለው? ትንሿ ጠይባ በእግሯ መሄድ ጀመረች ወይስ አሁንም ያገኘችውን ሰው ሁሉ እንደ በቅሎ ትጋልባለች? እኛ እዚህ አሰላ፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና፣ ከናፍቆትሽና ከአባታችን ሞት በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

አትደንግጪ፤ እጅሽን ከራስሽ ላይ አውርጂ። አባታችን አልሞቱም። ይበላሉ ይጠጣሉ እንዳልልሽ የሚጥመውን ሁሉ ተከልክለዋል፤ ግን ይተነፍሳሉ፣ ይሳደባሉ፣ ትናንትም የጎረቤት ፍየል በድንጋይ አባረዋል። የሞቱት በሽማግሌ ነው። ከዚህ ወረቀት ቀድማ ደጅሽ የደረሰችው እናታችንም ናፍቃሽ ብቻ አይደለም የመጣችው። ብትጠይቂያት «ሰላም ነው» ብላ ሻሿን ታስተካክላለች እንጂ ምንም አትነግርሽም። ስለዚህ ውሃ ስጫት፣ አረፍ ትበል፤ አንቺ ጓዳ ግቢና አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በየካቲት ነው። አንድ ፈረንጅ ሐኪም በላንድሮቨር መጣ። የታመመ ሰው አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጤነኛ ነው፤ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ሰውነቱ ሞላ ያለ። ደሙን በብልቃጥ ይቀዳና፣ ይህ ሰው ወደፊት የስኳር በሽታ ይይዘው እንደሆነ፣ ልቡም ይደክም እንደሆነ ከወዲሁ ያውቃል ተባለ። አስተርጓሚው ድሬሰር ኃይለመስቀል ነው፤ ያ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ከፊቱ ይልቅ በመርፌ በወጋው በኩል የሚያውቀው። መጀመሪያ ሰው ሸሸ፤ «ደማችንን አገሩ ወስዶ ሊሸጥ ነው» አለ። ሐኪሙ የሚመርጠው ወፍራምና የተከበረ ሰው ብቻ መሆኑ ሲሰማ ግን ከተማው በሰልፍ ተጥለቀለቀ። ደሙ ያልተፈለገ ነጋዴ በሚስቱ ፊት ቀለለ። ትራክተር ከመሬታቸው የነቀላቸው የዲክሲስ ጭሰኞችም ምናልባት ዱቄት ይሰጣል ብለው ተሰልፈው ነበር። ኃይለመስቀል አንድ በአንድ አያቸውና «እናንተን የወደፊቱ በሽታ አያሰጋችሁም፤ ያሁኑ ይበቃችኋል» ብሎ ሸኛቸው።

አባታችንን ታውቂያቸዋለሽ። ሳጉሬ ገበያ በገብስ ጆንያ ላይ ሲቀመጡ ጆንያው የቱ፣ ሰውየው የቱ እንደሆነ የሚለየው በጢማቸው ነው። ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሴኖ ከማለ ነገር አለቀ፤ ዳኛም ይግባኝ አይሰማበትም። ታዲያ ኃይለመስቀል ከማታ ጀምሮ ምንም ሳይቀምሱ እንዲመጡ ነገራቸው። አባታችን ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ደሜን ሊወስድብኝ፣ ያውም በባዶ ሆዴ? ለገበያ የሚወጣ በሬ እንኳ ጠዋት ሳይቀለብ አይነዳም» አሉ። ጎህ ሲቀድ እናታችንን ቀስቅሰው ቅቤ አስቀለጡ፣ ማር አስቀላቀሉ፣ በትልቁ ቅል ግጥም አድርገው ደገሙት። እናታችን «አትቅመስ ብለውህ የለም ወይ?» ብትላቸው፣ «እሱ ለድሃ ነው። ደሜ ፈረንጅ ፊት ውሃ ሆኖ እንዲያዋርደኝ ትፈልጊያለሽ?» አሏት። ከዚያ ሄዱ። ኃይለመስቀል በሰልፈኛው ሁሉ ፊት «አፍዎ ላይ ያረፈ ነገር አለ?» ሲላቸው፣ ቅቤው ጢማቸው ላይ እያብለጨለጨ፣ «ወላሂ፣ ከትናንት መግሪብ ወዲህ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም» አሉት።

ደሙ ውጤቱን ይዞ መጣ። ሐኪሙ አስጠርቶ፣ ደማቸው ጣፋጭም ቅባታምም እንደሆነ፣ በዚህ ከቀጠሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የስኳር በሽታ ሊይዛቸው፣ ልባቸውም ሊደክም እንደሚችል ነገራቸው። ቅቤና ማር ይተዉ፣ በበቅሎ መሄድ ይቅርና በእግርዎ ይሂዱ አላቸው። «ሊይዝዎት ይችላል» የሚለው ነገር ከጤና ጣቢያው በር እስከ እህል በረንዳው ድረስ መጓዝ አልቻለም፤ መንገድ ላይ ቀረ። ሳጉሬ የደረሰው «ሁሴኖ አለቀለት» የሚለው ነው። በሚቀጥለው ገበያ ሰው እየመጣ «አላህ ያጽናችሁ» ይለን ጀመር፤ ለራሳቸው ለአባታችን «አላህ ያጽናህ» ያላቸውም አለ። እሳቸውም «አሚን» አሉ፤ ምን ይበሉ?

ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱት አጎታችን ከዲሮ ናቸው። በአገራችን ወንድም ሲሞት ወንድም ሚስቱን ይወርሳል፤ በዚህ ነውር የለም። ግን አባት አያቶቻችን ቢያንስ ባልየው እስኪቀበር ይታገሡ ነበር። አጎታችን ቸኮሉ። በፍቅር ስለሆነ መቼም አይፈረድባቸውም። መጀመሪያ «ቅቤ ወንድሜን ይገድልብኛል» ብለው ቅቤውን ሁሉ ቤታቸው ወስደው ራሳቸው ይበሉት ጀመር፤ በወንድማቸው ፈንታ መሞታቸው ነው። ቀጥሎ «ሐኪሙ በእግርህ ሂድ ብሎሃል» ብለው በቅሎዋን ወሰዱ። ከዚያ «ልብህ እንዳይደክም» ብለው የመጋዘኑን ቁልፍ። አባታችን የገብስ ገንፎ ያለ ቅቤ፣ ያለ ማባያ እየዋጡ፣ ከሳጉሬ አሰላ በእግራቸው ተመላለሱ። አንድ ቀን አጎታችን ለእናታችን አዲስ ሻሽ ገዝተው መጡ። እናታችን ተቀብላ ድስት አወጣችበት።

እኔ እንግዲህ ነገሩ ሲከፋ ኃይለመስቀል ዘንድ ሄጄ ስለ ቅቤውና ስለ ማሩ ነገርኩት። ጠረጴዛውን ይዞ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሲበቃው፣ «ያ ደም የተናገረው ስለ አባትህ ሳይሆን ስለ ቁርሳቸው ነው። ሐኪሙ አቦምሳ ወርዷል፤ ሲመለስ እውነተኛ ባዶ ሆዳቸውን ይዘው ይምጡ፣ እንደገና ይታያሉ» አለኝ። የምሥራች ይዤ በረርኩ። አባታችን የምሥራቹን እንደ ስድብ ሰሙት። «እና ምን ልበል? በአላህ ስም በሐሰት ማልኩ ልበል?» አሉኝ። «አዎ አባባ፤ በላሁ ይበሉና ይዳኑ» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ለሞተ ሰው ይለቀስለታል፤ በሐሰት ለማለ ግን ወንበር የሚለቅለት የለም» አሉኝ። ሐኪሙ ከአቦምሳ ተመልሶ ሲጠብቃቸው ዋለ፤ እሳቸው ያመመኝ ነገር አለ ብለው ተኙ። መታመም የጀመሩት ያን ቀን ነው።

ላንድሮቨሩ በሄደ ማግስት አጎታችን ሽማግሌ ሰበሰቡ፤ ኋላ ጠብ እንዳይኖር የሁሴኖ ነገር ከወዲሁ ይለቅ አሉ። ሰብሳቢው አባ ቶላ ናቸው፤ ከአባታችን ጋር ሃያ ዓመት አብረው ሽምግልና የተቀመጡት። አንዱ ሽማግሌ ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ለሌላ ትሰጣለች ወይ ብለው ጠየቁ። አባ ቶላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ «ባሏ እያለ ማንም አይነካትም፤ ሐራም ነው። ግን ፈረንጁ የነገውን በሽታ ዛሬ ካወቀ፣ እኛ የነገዋን መበለት ዛሬ ብናወርስ ምን ነውር አለው? ከፈረንጅ እናንሳለን?» አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥልጣኔ አርሲ የገባው በዚህ ዓይነት ነው።

እናታችን በሩ አጠገብ ነበረች። ተነሳች። «ባሌ ደሙን የሰጠ ቀን በልቶ ነው የሄደው። ቅቤውን ያቀለጥኩት እኔ፣ ማሩን የቀላቀልኩት እኔ። ሐኪሙ ተልኮበት ይመለስ፣ እንደገና ይይ» አለች። አባ ቶላ ወደ አባታችን ዞረው «ሁሴኖ፣ እንዲህ ነው ወይ?» አሉ። አባታችን አጎታችንን አዩ፤ ከዚያ እሳቸው ብቅ ሲሉ ከመቀመጫቸው የሚነሱላቸውን ሽማግሌዎች ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። እናታችንን ብቻ አላዩም። «ወላሂ አልበላሁም። ሐዘን አእምሮዋን ነክቷት ነው» አሉ። አባ ቶላም «የሞት መንገደኛ አይዋሽም» ብለው ዘጉት፦ ቀኑ ሲደርስ እናታችን ሀሊሜ ለከዲሮ ናት ተባለ፤ ተመረቀ፤ ከአባታችን ገንፎ በቀር ሁሉም በቅቤ ተበላ።

እናታችን አልጮኸችም። ጓዳ ገብታ እናቷ ለሠርጓ የሰጠቻትን ሲንቄ ይዛ ወጣች። ያንን በትር ይዛ ከቤቷ የወጣች ሚስት መንገድ የሚዘጋ ወንድ በአርሲ ምድር ገና አልተወለደም። የሰፈሩ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ተከተሏት፤ ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እንደ ደንቡ ሽማግሌዎቹ የእርቅ በሬ ይዘው መሄድ ነበረባቸው። አጎታችን በሬዎቹን ከአሁኑ የራሳቸው አድርገው ስለሚያዩ የሚታረደውን ለመምረጥ እስከ ምሳ ሰዓት ተጨነቁ፤ በመጨረሻ አንካሳውን ሰጡ። እናታችን በሬውን አየችና «መልሱት። እኔ ሥጋ አልጠየቅኩም። እሱ ራሱ ይምጣና በልቻለሁ ይበል፤ አንዲት ቃል ናት» አለች። ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ ተመለሱ። አባታችን «አልበላሁም» ብለዋል።

ያኔ እናታችን ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። «እንግዲህ ባሌን በአደባባይ ሐሰተኛ አላደርገውም» አለች። «ምሎ ሞቻለሁ ካለ ሞቷል፤ አላህ ይማረው። ከዲሮን ደግሞ ገበያ ቆሞ የሚመረጥ ከብት እንዳልሆንኩ ንገሩት። ልጄ ዘንድ ሄጄ ሐዘኔን እቀመጣለሁ።» አንካሳው በሬ እዚያው ሣር ይግጥ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ናዝሬት ድረስ ሸኝቼ ባቡር ላይ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ወጣ ብላ «ገንፎው ላይ ጨው እንኳ ያድርጉለት» አለችኝ።

አድርጌዋለሁ፤ አጎታችን አወጡት። አባታችን እጅግ ከስተዋል፤ ሆዳቸው ገብቷል፣ እግራቸው ፈጥኗል። ኃይለመስቀል መንገድ ላይ አይቷቸው፣ አሁን ቢመረመሩ ደማቸው የጎረምሳ ደም ነው አለኝ። በአርሲ ምድር ከሳቸው የበለጠ ጤነኛ ሟች የለም፤ አካሄዳቸውን ሳየው አጎታችንን ሳይቀብሩ አይቀሩም። ግን ማታ ማታ ሁለት ሰሃን ቀርቦ አንዱ ሳይነካ ይነሳል፤ ማን እንዲያቀርበው እንዳዘዘ አልጠየቅኩም። አንቺ እናታችንን ትመለሻለሽ፣ ትታረቂያለሽ እያልሽ አታድክሚያት። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እንደዚያው ያዢያት።

ለባለቤትሽ ለኢድሪስ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢ። ጠይባን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ወርቅቱ ሰላም ብላሻለች፤ ዋርካው ሥር ከእናታችን ቀኝ የተቀመጠችው እሷ ናት። ኃይለመስቀል ሰላም ብሎሻል፤ መርፌው አሁንም ያማል። አጎታችን ከዲሮም ሰላም ብለውሻል፤ በቅሎዋ ላይ ሆነው። አባታችንን ምን ልበልልዎ ብላቸው «ደህና ነኝ በላት» አሉኝ፤ ጻፍኩት። ወዲያው አባ ቶላ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እንደሚሰሙ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰርዘው» አሉኝ። ሰርዤዋለሁ።

ወንድምሽ ቱሳ ሁሴኖ
አሰላ፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.