ስለ ቅዳሜ ዳቦና ስለ ዳኛዋ ድርሻ

እኔ የዚህ ዳቦ ቤት ባለቤትና ጋጋሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከምድጃው ጀርባ ባለችው መኝታ ክፍሌ ተቀምጬ፣ ሦስት ምስክሮች እየሰሙኝ ይህን ቃሌን አስጽፌአለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው። የታመመው ሆዴ ነው፤ እሱንም ሰኞ ሐኪሞች ከፍተው ያዩታል። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ልጄ ሾርባ ይዛልኝ መምጣቷ እንደ ማባበል እንዳይቆጠርባት፣ ሾርባው ጨው አልነበረውም።

የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር ነው። ምስክሮቼ ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊዋ እና ዱቄት የሚያመላልስልን ሾፌር ናቸው። ሴት ልጄ፣ ወንድ ልጄና የልጅ ልጄም እዚሁ ተቀምጠዋል። መምህሩ “ወራሾች ባይሰሙ ይሻላል” ብሎ ነበር። እኔ ግን በዚህ ቤት በር ተዘግቶ የሚወራ ነገር ሰልችቶኛል።

በመጀመሪያ፣ የሰው ንብረት ወደ ባለቤቱ ይመለስ። በጓሮ የቆመው መሰላል የፀጉር አስተካካዩ ነው። ጣራ ልወጣበት ተውሼው እዚያው ቀረ። ይህ ሲነበብለት “እኔ እኮ የጠፋ መስሎኝ ሌላ ገዝቻለሁ!” አለ። እንግዲያውስ ሁለት መሰላል ይኑረው።

በሁለተኛው፣ ታላቋ ልጄ አሁን የምትኖርበት ቤት ከነዕቃው የራሷ ይሁን። ልጄ በባንክ ገንዘብ ከፋይ ናት። እኔ “ቁልፌ” እላታለሁ፤ ስኳሩን እንኳ ሳይቀር ትቆልፋለችና። እናቷ ታማ በተኛችበት ዘመን ይህን ቤተሰብ ቀጥ አድርጋ የያዘችው ግን እሷ ናት፣ ያውም ገና ተማሪ ሳለች። ምስጋናዬ በምስክሮች ፊት እንዲጻፍላት እፈልጋለሁ።

በሦስተኛው ወደ ዳቦ ቤቱ እመጣለሁ። ስንት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

በዚህ ቤት ልጅ ስለ ገንዘብ የሚማረው በቅዳሜ ዳቦ ነው። ሥርዓቱን ያወጣችው ነፍሷን ይማረውና ሚስቴ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ለእያንዳንዱ ልጅ ከምድጃ የወጣ አንድ ዳቦ ይሰጠዋል። ከፈለገ ትኩሱን ይበላዋል። ከፈለገ በመስኮቱ መደርደሪያ ግራ ጫፍ ያስቀምጠዋል፤ ከተሸጠ ሳንቲሙ የራሱ ነው፣ ሳይሸጥ ካደረ ደረቁን ይበላል። ሳንቲሙን ምን እንደሚያደርገውም የሚወስነው ራሱ ነው። ትልቅ ሰው ሁለት ነገር ተከልክሏል፤ ሳይጠየቅ መምከር እና ነገሩ ከተበላሸ በኋላ “ነግሬህ አልነበረም?” ማለት። ለእኔ ሁለተኛው ጾም ከመጾም ይከብደኝ ነበር።

ቁልፌ ዳቦዋን ሁልጊዜ ትሸጥ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ግን “ዳቦህስ?” ሲባል መልሱ “በላሁት” ነበር። ስሙ በዚያው ቀረ፤ ይኸው አባት ሆኖም “በላሁት” ነው። ከልጅነቱ አብሮኝ ጋግሯል፤ ሊጥ እንደሱ የሚገባው ሰው አላየሁም። ገንዘብ ግን እጁ ላይ አያድርም። ደመወዙን በተቀበለ ማግስት ሠፈሩን ሁሉ ይጋብዝና የወሩን መጨረሻ ከእኔ እየተበደረ ይገፋል።

ስለዚህ ቁልፌ “ሽጠው አባዬ” ስትለኝ ከረመች። “ገንዘቡ በወንድሜ ልጅ ስም ባንክ ይቀመጥ። ወንድሜን እወደዋለሁ። ግን ይቺ ልጅ ስለ ገንዘብ ከማን ልትማር ነው? ከሱ? እሱ እንደሆነ ምድጃውንም ይበላዋል!” በላሁት ይህን እየሰማ ሊጡን ማቡካቱን ቀጠለ። ጥያቄዋ የእኔም ጥያቄ ነበር። ልቤ ወደ መሸጡ አዘንብሎ፣ ገዢ እስከ ማነጋገር ደርሼ ነበር።

ልጅቷ የበላሁት ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። በትልልቆች ጠብ መሀል ገብታ ስለምትፈርድ “ዳኛዋ” እንላታለን። ዘንድሮ የቅዳሜ ዳቦ ጀመረች። አልበላችም፤ ሸጠች፣ አጠራቀመች። ሁላችንም የቀለም እርሳስ ትገዛለች ብለን ስንጠብቅ ቀይ የፕላስቲክ ፊሽካ ይዛ መጣች። ያን ማታ ጆሯችን እስኪደነቁር ነፋችው። በማግስቱ ፊሽካው ጎኑ ተሰነጠቀና ድምፁ ጠፋ። ዳኛዋ ዳቦ ቤቱ ገብታ በደንበኞች ፊት ድምፅዋን ለቃ አለቀሰች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዓይኔ ያየሁት ነው። ስኳር የምትቆልፈው ቁልፌ ቦርሳዋን ከፈተች። “ነይ የኔ እናት፣ አክስትሽ ሌላ ትገዛልሻለች። እንዲያውም ሁለት!” አለቻት። በላሁትም እጁን ኪሱ ከተተ። አለቀልን አልኩ በሆዴ።

እጁን ባዶውን አወጣው። ዱቄቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ልጁ ፊት ተንበረከከና አቀፋት።

“ያናድዳል፣ አይደል?”

“በጣም!”

“እኔም ዳቦዬን በልቼ ስጨርስ እንደዚህ ያናድደኝ ነበር። ቅዳሜ ሌላ ዳቦ አለሽ።”

አልገሠጻትም፣ አልገዛላትምም። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እኅቱም ቦርሳዋን ዘጋች።

ዳኛዋ እንደገና ስትሸጥ ሰነበተችና ትናንት እጄን ይዛ ፊሽካውን ወደ ገዛችበት ሱቅ ወሰደችኝ። ባለሱቁ ፊሽካ ሲያወርድላት “ከመግዛቴ በፊት ልንፋው?” አለችው። “ይገዛል እንጂ አይነፋም!” ብሎ ተቆጣ። “እንግዲያው ይቅር” አለችና ሳንቲሟን ጨብጣ ወጣች። እኔ ሆዴን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳቁ ሕመሙን ቀሰቀሰብኝ፣ ቢሆንም መሳቄን አልተውኩም። ሌሊቱን እስኪነጋ ተኛሁ። እንዲህ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ!

ስለዚህ ዳቦ ቤቱ አይሸጥም። ምድጃውንና መጋገሪያዎቹን ከነደንበኛው ለበላሁት ሰጥቻለሁ። የራሱን ኪስ መያዝ ገና አልቻለበትም፤ ለልጁ ሲል ግን ሊችልበት እንደሚችል አይቻለሁ። እኔን ያስጨነቀኝ የልጅቷ ነገር ነበር፣ ተገላገልኩ። የመስኮቱ መደርደሪያ ግራ ጫፍ እንደ ቀድሞው የልጆች ይሁን። ቁልፌም ወንድሟ ሲጠይቃት ሒሳቡን ትመልከትለት።

እዚህ ስንደርስ ቁልፌ “አባዬ፣ እኔ እኮ ስታለቅስ ማየት አልቻልኩም” አለችኝ። አውቃለሁ ልጄ። እሱም አልቻለም።

በአራተኛውና በመጨረሻው፣ ዳኛዋ በዚህች ክፍል ካለው ዕቃዬ አንዱን መርጣ ትውሰድ። አሁኑኑ ትምረጥ፣ ማንም አይምከራት አልኩ። ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ ወደ ግድግዳው ሰዓት ስትጠቅስ ያዝኳትና በሥርዓቱ መሠረት ገሠጽኳት። ልጅቷ ራዲዮውን ከፍታ ዘጋችው። ወንበር ላይ ወጥታ ሰዓቱን አዳመጠች። ባርኔጣዬን አጥልቃ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

“አባባ፣ ሰኞ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ አይደል?”

“እሄዳለሁ።”

“ከዚያ ትመለሳለህ?”

“ሐኪሞቹ ትመለሳለህ ብለውኛል።”

“እሺ፣ ስትመለስ እመርጣለሁ።”

መምህሩ እስክሪብቶውን አነሳና “ኑዛዜ እንዲህ አይጻፍም፤ ዕቃው ተለይቶ መጠቀስ አለበት” አለ። ቁልፌ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ወንድሟን አየችውና መልሳ ገጠመችው። እኔም ቃሏን እንዳለ ጻፈው አልኩት። ስለዚህ የዳኛዋ ድርሻ እስክመለስ ሳይነካ ይቆያት። ካልተመለስኩም አባቷ ሁሉንም ባለበት ይጠብቅላት፤ ማንም አያጣድፋት።

ይህ ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ጋጋሪው፦ ፊርማ

ምስክር፣ ፀጉር አስተካካይ (መሰላሉን ተረክቤአለሁ)፦ ፊርማ

ምስክር፣ ልብስ ሰፊ፦ ፊርማ

ምስክር፣ የዱቄት መኪና ሾፌር፦ ፊርማ

የጸሐፊው መምህር ማስታወሻ፦ ከዚህ በታች በእርሳስ የሰፈረው በሕግ ዋጋ የለውም። ተናዛዡ እንዳይጠፋ ስላዘዘ ትቼዋለሁ።

ገና አልመረጥኩም። ዳኛዋ።