የሚነቀለው መቀመጫ

ለወንድሜ ለጥዑመልሳን፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የእማዬ ጉልበት ክረምቱን እንዴት አለፈው? ባለቤትህ ሜላትና ልጅህ ልደትስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። የካርቱም ሙቀት ገና አልበረደም።

የላክኸው የምስክር ወረቀት ፎቶ ደርሶኛል። አየሁት፣ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፣ እንደገና አውጥቼ አየሁት። «ሳይጣል የሚታደስ አዲስ የበርጩማ ንድፍ» ይላል። እማዬም ጋዜጣ ላይ መውጣትህን በደወለች ቁጥር ትነግረኛለች። እኔ እዚህ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ከወዳደቀ ብረትና ከካርቶን ማሰሪያ ላስቲክ ባንበር፣ የሻይ ሻጮቹን አጭር በርጩማ፣ ስሠራ መኖሬን ለጎረቤት አውርታ አታውቅም። ቀናሁ። ጎረቤቴ በያጁ ጂብሪል ፊቴን አይቶ፣ «ያ ሰብስቤ፣ ወንድምህ ፈጣሪ ተባለ፤ አንተ ላስቲክ ስትጎትት ቀረህ» ብሎ ሳቀብኝ።

መቀመጫውን ከእግሮቹ ጋር በሚነቀል መንጠቆ ማስያዝን ያየኸው ካርቱም ልትጠይቀኝ የመጣህ ጊዜ ከእኔ ደጃፍ ነው። አሁን ሕጉ አዲስ ያልሆነ ንድፍ አይመዘገብም ስለሚል አንድ የመርካቶ አናጺ ምዝገባህ ይሰረዝ ብሎ ተቃወመህ። እኔም ካንተ በፊት እንዲህ ያለ በርጩማ ሠርቼ ሸጬ እንደማላውቅ ፈርሜ እንድልክልህ ጠየቅኸኝ። አልፈርምም። ሻይ ሻጯ አዋጢፍ አንተ ከመምጣትህ በፊት ባለመንጠቆውን ከእኔ ገዝታለች።

ሌላም አለ። መንጠቆውን ያለፈቃድህ ማንም እንዳይሠራ ከልክለሃል አሉ። መንጠቆው ሲሰበር የሰፈር በያጅ ካልሠራው በርጩማው ቆሻሻ ላይ ይጣላል። ታዲያ ምኑን ታደሰ? ንድፉን ለራስህ አድርገው፣ መለዋወጫውን ግን ልቀቅላቸው። ይህን የሚያናግረኝ ቅናት ይሁን እውነት መለየት አቃተኝ። ስሜ ከስምህ ጎን ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ስለ መንጠቆው ትንፍሽ እንደማልልም አውቃለሁ።

ትናንት አዋጢፍ ላስቲኩ የተበጠሰ ባንበር ይዛ መጣች። መቀመጫውን ከመንጠቆው ነቀለች፣ አዲስ ላስቲክ ሰጠኋት፣ ራሷ ጠልፋ መልሳ ሰካችውና ተቀመጠችበት። የአንተን ነገር ስነግራት፣ «ወንድምህ ሻይ ሲጠጣ የተቀመጠው እዚህ ላይ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። መልሱን ለአናጺው አንተው ንገረው።

ሜላትን በርቺ በልልኝ። ልደትን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ኢንሻላህ ሰው ሲመጣ ትንሽ ባንበር እልክላታለሁ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መንጠቆው የማን እንደሆነም ንገራት።

ወንድምህ ሰብስቤ
ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ
ጥቅምት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.