አንቺና የመሬቱ ሽማግሌ

ይድረስ ባለሽበት ለዘነቡዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት አልፎ ሌላም ክረምት ወጣ። ፊደል እንደማልቆጥር ታውቂያለሽ፤ የምትጽፈው ልጃችን ሂሩት ናት። እንደተናገርኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ። አንዳንድ ቦታ ላይ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ቀጥዪ እላታለሁ።

ቤቱ ያው ነው። የፍሌሚንግደን ፓርኩ ሕንፃችን ሊፍት ዛሬም ይበላሻል፣ እኔም ዛሬም ደረጃውን በእግሬ እወጣለሁ። ወጥ ራሴ እሠራለሁ፤ ያንቺን አይመስልም፣ ይህን ለሌላ ሰው አልናገርም። ደርግ ከወደቀ ወዲህ ሰዉ ከካናዳ አገር ቤት ደርሶ ይመለሳል፤ ሂድ ይሉኛል፣ አንቺን ጥዬ የት እሄዳለሁ። ሂሩትም ሬክስዴል ሰፈር መጥተህ እኛ ጋ ግባ ትለኛለች። እምቢ አልኩ። ከዚህ አንድ አውቶቡስ ነው አንቺ ጋ የሚያደርሰኝ።

የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። አንቺ ብቻሽን የትም ሄደሽ አታውቂም። እንግሊዝኛው አልገባ ብሎሽ፣ አውቶቡስ ላይ የኮቴን እጅጌ ጨብጠሽ ነበር የምትሳፈሪው። ሱቅ ውስጥ ትንሽ ከቀደምኩሽ ስሜን ትጠሪ ነበር። ያቺን ሴት ወስጄ ግራ ቀኟ የማን እንደሆነ በማናውቀው መቃብር መሀል ጥያት መጣሁ። ያኔ መሬቱ በብርድ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። እንደ እኛ አገር ወንዶች ተቀባብለው አልቆፈሩልሽም፤ ማሽን ነው የቆፈረው። ቄሱ ነፍሷ ከቅዱሳን ጋር ናት አሉኝ። አምናለሁ። ሰውነትሽ ግን እዚያ ነው፣ ብቻውን። ፈርታ ይሆን እያልኩ ስገላበጥ ከረምኩ።

ከእኛ ሌላ በዚህ ከተማ ሰው ብትይ የነበረሽ ፊት ለፊታችን ያለችው ላን ናት። ዘሯ ቻይና፣ የተወለደችው ቬትናም፣ ከባሏ ጋር በጀልባ ከሞት ያመለጠች። አንቺ በአማርኛ፣ እሷ በራሷ ቋንቋ፣ ጎመን እየቀነጠሳችሁ ስታወሩ ትውሉ ነበር። ምን አለችሽ ስልሽ ሁሉን ትነግሪኛለሽ፤ ከየት እንደምታመጪው እንጃ።

የቤቷ ሽማግሌ ግን ከመጀመሪያውም አልተዋጠልኝም። ከበሩ ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ ቀይ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ጢማም የሸክላ ሽማግሌ። ፊቱ ብርቱካን፣ ሻይ በትንንሽ ስኒ፣ የሚጤስ ቀጭን የዕጣን እንጨት። እኛ ሥዕሉን ከፍ አድርገን ሰቅለን በመጋረጃ እንሸፍናለን፤ እሷ የምትሰግድለትን ከጫማ ጋር መሬት ታስቀምጣለች። ምን ዓይነት አምላክ ነው ብዬ ሳቅሁ። ለጣዖት የቀረበ አትብዪ አልኩሽ፣ አልበላሽም። ላን ደግሞ ነገሩ ገብቷት፣ ገና ሳታቀርብለት ያንቺን ብርቱካን ነጥላ፣ እሱ አልነካውም ለማለት እጇን እያወናጨፈች ትሰጥሽ ጀመር። ከዚያማ እኔም በላሁ።

ዘንድሮ በረዶው እንደቀለጠ ከሂሩት ጋር አንቺ ጋ መጣን። ከራስጌሽ ጥግ፣ ሣሩ ላይ፣ የዕጣን እንጨት ተተክሏል። ብርቱካን፣ ስኒ፣ የተቃጠለ ወረቀት አመድ። ደሜ ፈላ። መስቀል ከራሷ በላይ የቆመላት ክርስቲያን ናት እኮ። ሂሩት የመቃብሩ ኦፊስ ጋ ሄደን ኮምፕሌይን እናድርግ፣ አቤት እንበል አለች። ኦፊስ ምን ያደርግልኛል፣ ማን እንዳደረገው አውቃለሁ። የላን ባልም የተቀበረው እዚያው ግቢ ከታች በኩል ነው፤ ወራቱም የእነሱ ሙታን የሚጎበኙበት ነው።

በቀጥታ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ሚስቴን ለጣዖትሽ የሰጠሽው በማን ፈቃድ ነው ብዬ በሂሩት አፍ፣ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት። ሻይ ልትቀዳ ስትነሳ አልጠጣም፣ መልሺልኝ አልኩ። ላን እንዳንቺ አይደለችም፣ ቁጣ አያስደነግጣትም። በእጇ ተቀመጥ አለችኝ።

ሽማግሌው የሰማይ ጌታ አይደለም አለች በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፤ የመሬት ጠባቂ ነው፣ መሬት የሚቀመጠውም ለዚያ ነው። አያቶቿ ከቻይና ሲሰደዱ፣ እሷም ካናዳ ስትገባ፣ መጀመሪያ ያደረጉት ለቦታው ጠባቂ መጣን ብሎ መንገር ነው። ሰው ሲቀበርም እንደዚያው፣ እንግዳ መጥቶብሃል ተቀበለው ይሉታል። የባሏን ነግራ ወደ ላይ ስትወጣ መቃብርሽን አየች። ማንም ያልነገረልሽ መሰላት።

«ዘነቡ ብቻዋን ትፈራለች» አለች። «እኔ ነገርኩላት።»

ሂሩት ይህን ተረጎመችልኝ። ለልጄ እንኳ ያልተናገርኩትን ያቺ ሴት ታውቀዋለች። አንቺ ነግረሻት ይሆናል፣ በዚያ ቋንቋ በሌለው ወሬያችሁ።

ሰው ፊት አላለቅስም፣ አላለቀስኩም። በምን ቋንቋ ነገርሽው አልኳት። በቻይንኛ አለች። እንግዲያው እሱም እንግሊዝኛ የለውም በያት አልኩ። ላን ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። ሻዩን ጠጣሁላት።

ሃይማኖቴን የለወጥኩ እንዳይመስልሽ። የአንቺ ጠባቂ ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። ድንጋዩ ላይ ምንም እንዳታስቀምጪ ብዬ ከልክያታለሁ። ጥጉን ግን ተውኩላት፤ መሬቱ የእኔ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ እኔና እሷ አብረን መጣን። ጥጉ ላይ ስትንበረከክ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ፣ ጆሮዬን ግን አላዞርኩም። በዚያ ሁሉ ቻይንኛ መሀል «ጀኔቦ» ስትል ሰማሁ። አላስቻለኝም፣ ዞርኩ። ዘነቡ አልኳት። ደገመችው፣ አልሆነም። እንደገና አልኳት። አጣማ ነግራው ሌላ ሴት ሲጠብቅ ቢኖርስ። እስኪቃናላት ድረስ አልለቀቅኳትም፤ እሷም አልሰለቻትም። በመጨረሻ አገር ቤት እንደሚጠሩሽ አድርጋ ጠራችሽ፤ ያን ጊዜ ነው ጀርባዬን መልሼ የሰጠኋት።

የክርስትና ስምሽን ግን አልሰጠኋትም። እሱ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚህም አላስጽፈውም። በየሚካኤሉ ቄሱ ጆሮ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ እግሬ እምቢ ሲል ለሂሩት አስረክባታለሁ። በሕይወት እስካለሁ ስምሽ ሳይጠራ የሚያልፍ ወር የለም።

ባልሽ አሰፋ