እምቢ ያለው ኮምፒውተርሽ

አሰላ፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ልጄ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሕፃኗ እንዴት ናት? ጡት በደንብ ትይዛለች? ያ ዓይንሽ ላይ ብዥ ይል የነበረው ነገርስ ለቀቀሽ? የእግርሽ እብጠት ጎደለ? አማትሽ ወይዘሮ ፋጡስ ደህና ናቸው? በእኔ በኩል አታስቢ። ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ሲበረታ ነው የሚያጉረመርመው።

ስልክ ላይ ከ«ደህና ነሽ» እና ከ«በይ ቻው» ሌላ ቃል እንደማይወጣኝ ታውቂያለሽ። ስለዚህ በወረቀት ይሻለኛል ብዬ ነው። የሚያደርስልሽ ባለቤትሽ ነው። እንዳያነበው ፖስታውን በሙጫ አሽጌዋለሁ፤ ቢያነበውም ግን ቅር አይለኝም።

አሁን በሰላም ከተገላገልሽ የተደበቀብሽን ነገር ልንገርሽ። አትደንግጪ፤ አልፏል። ባለቤትሽ አዲሱን ኮምፒውተርሽን ገጣጠመልሽ ተብለሽ ነበር አይደል? እውነት ነው፣ ገጣጥሞታል። አልነሳም እንጂ።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ቃሲም ቆሟል። ከተጋባችሁ ጀምሮ እሱ ወደ እኔ ደጅ፣ እኔም ወደ እናንተ ደጅ ተመላልሰን አናውቅም። በሠርጋችሁ ዕለት እኔ ሁሩታ ለቅሶ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲያ ከተማ ውስጥ ስንገናኝ እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ይላል፣ እኔም ራሴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ፤ እሱ ወደ መስጊዱ፣ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኔ። ነገራችን እዚያ ላይ የቆመ ነበር። አሁን ደጄ ላይ ሳየው፣ አንቺም አዳማ ሆስፒታል ደም ግፊት አስተኝቶሽ ስለነበር፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው «ምን ሆነች?» አልኩት።

«እሷ ደህና ናት ጋሼ፤ እሷ ደህና ናት» አለኝ። ከዚያ ጫማውን እያየ፣ «ኮምፒውተሩ ነው» አለ።

የበሩን መቃን ይዤ ነው የቆምኩት። ሰው እንዲህ ያስደነግጣል?

ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣው። አንቺ የመረጥሻቸውን ዕቃዎች ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ ስትመለሺ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅሽ ራሱ ገጠመው። ቁልፉን ቢጫን ምንም የለም። አንቺ በየማታው በስልክ «ይሠራል?» ትይዋለሽ፤ እሱ «እንዴታ!» ይልሻል። ሐኪሙ ምንም የሚያስጨንቅ ነገር አትስማ ብሏልና ሌላ ምን ይበል? በማግሥቱ ደግሞ ወደ አዳማ ሊመጣ ነው። «በስልክ ችያለሁ። ፊቴን ካየች ግን ታውቃለች» አለኝ። ይህ ብቻ ቢሆን በተሻለ። የድሮው ላፕቶፕሽ ሲሞት ያወጣችሁትን ሃርድ ዲስክ እዚያው አዲሱ ውስጥ ሰክቶታል። እስከ ዛሬ የሠራሻቸው የቤት ፕላኖች ሁሉ ያሉት እሱ ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም አለኝ። አዲስ አበባ ወስዶ የሚያሳይበት ጊዜ የለም፤ እዚህ የጠየቃቸው ልጆችም ነገ ተነገ ወዲያ አሉት። «እርስዎ የኤሌክትሪክ ሰው ነዎት ብዬ ነው» አለ። ይህን ሲል ላብ ፊቱ ላይ ነበር፤ በዚህ ብርድ።

ቴስተሬን፣ ካቻቢቴዎቼንና ፒንሳዬን በከረጢት ይዤ ወጣሁ። ቤታችሁን ሊያሳየኝ ቀደም ቀደም ይል ነበር። እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው አቋራጭ ታጠፍኩ። መንገዱን ማወቄ ገርሞት ቆም ብሎ አየኝና ተከተለኝ።

ቤትሽን አየሁት። ንጹሕ ነው፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህም አላቆሸሸውም። የምትሥዪበት ጠረጴዛ መስኮት ሥር መሆኑ ጥሩ ነው፣ ብርሃኑ ከግራ ይመጣል። የእናትሽን ፎቶግራፍ ከፊት ለፊቱ ሰቅለሽዋል። እሱም ጥሩ ቦታ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ጥቁር ሣጥን፣ ጎኑ መስታወት። ቁልፉን ተጫንኩት። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ። የግድግዳውን ሶኬት በቴስተር ለካሁ፤ ደህና። ገመዱን ለካሁ፤ ደህና። ከጀርባው ያለችውም ትንሽ ማብሪያ በርታለች። እስከዚያ ድረስ የማውቀው አገር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ግን እንግዳዬ ነበር። እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት ስለማይሆንልኝ «ፓወር ሳፕላዩ ተቃጥሏል» ብዬ ፈረድኩ።

ቃሲም «ሊሆን ይችላል ጋሼ» አለ። እንዳላመነኝ ያስታውቃል፤ ግን አልተከራከረኝም። ስልኩን አውጥቶ አንድ ሰውዬ በቪዲዮ ሲያስረዳ አሳየኝ። ፓወር ሳፕላዩን ከሌላው ሁሉ ነጥለን፣ ሰውዬው እንዳደረገው አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በትንሽ ሽቦ አገናኘነው። ፋኑ ዞረ። ፍርዴ ተሻረ ማለት ነው። እሱ ምንም አላለኝም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አንድ ነገር እል ነበር።

ከዚያ ወዲያ እንደ ዶሮ በየብልቱ አወጣነው። ራሙን ነቅለን መለስን። ሁለቱን ዋና ገመዶች ነቅለን፣ ቀጭ እስኪሉ ድረስ መልሰን ሰካን። ለሥዕል ሥራሽ የገዛሽውን ትልቁን ካርድ አወጣነው። በየመካከሉ ቁልፉን እንጫናለን። ያው ነው። ቃሲም፣ ምናልባት የተበላሸው ቁልፉ ራሱ ይሆናል አለና፣ ዕቃው ሁሉ በሚሰካበት ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ፣ የቁልፉ ሽቦ የሚሰካባቸውን ሁለት መርፌዎች አሳየኝ። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አደረግኋቸው። የማዘርቦርዱ ፋን ሩብ ዙር ያህል ዞራ ቀጥ አለች።

እዚህ ላይ ወደማውቀው አገር ተመለስኩ። ኤሌክትሪክ ገብቶ ወዲያው ራሱን የሚቆርጥ ከሆነ፣ አንድ የማይነካ ነገር ከአንድ ነገር ጋር ተነካክቷል ማለት ነው። «ሾርት አለ» አልኩት።

«ዲስኩስ? ተቃጥሎ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አላውቅም» አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ስትሰሚው እንደማታውቂ አውቃለሁ።

ሁሉንም አውጥተን ማዘርቦርዱን ከሣጥኑ ውጪ እንሞክረው ሲል፣ ጥሩ አሳብ ነው ብዬ ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ። የመጨረሻውን ስፈታ መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ጠፋ። ሁለታችንም ተያይተን ሳቅን፤ ከተገናኘን ወዲህ መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ይመስለኛል። ምን ይደረጋል፣ ተቀምጠን መጠበቅ ነው።

እሱ ረመዳን ነው፣ እኔ ዐቢይ ጾም። የእኔ የመቅመሻ ሰዓት ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ ግን እሱ እየተራበ ብቻዬን መጉረስ አሳፈረኝና አብሬው ቆየሁ። አዛኑ ሲሰማ እሱ ቴምር ቀምሶ ወደ ውስጥ ገብቶ ሰገደ። እኔም መስኮቱ ሥር ቆሜ አባታችን ሆይን ደገምኩ። ከዚያ የምስር ሾርባና ዳቦ አቀረበ። ቅቤ የለውም፣ ሥጋ የለውም። ለራሱ ሌላ አስቀምጦ እንደሆነ ብዬ ወደ ጓዳው አየሁ። ምድጃው ላይ ያለው ድስት አንድ ነው። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው የእኔን ጾም ሾርባ ይበላል። ጨው ትንሽ በዝቶበታል፤ ይህን አልነገርኩትም፣ አንቺም አትንገሪው።

በሻማ እየበላን ስለ እናቱ አወራኝ። ወይዘሮ ፋጡ ጮሌ ከተማ ያለውን ቤታቸውን ለጎረቤት ትተው አንቺ ዘንድ እንደመጡ፣ አልጋ ሲሰጣቸው እምቢ ብለው ከአልጋሽ ሥር ምንጣፍ ላይ እንደሚተኙ፣ ትንፋሽሽ ሲለዋወጥ እንደሚነቁ። «እናቴ እንደ ልጇ አድርጋ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። እኔ ይህን ሁሉ አልሰማሁም ነበር። ማን ይነግረኛል?

ቆይቶ «ዲስኩ ጠፍቶ ከሆነ ምን እላታለሁ?» አለኝ።

«አባትሽ ነካክቶ አበላሸው በላት» አልኩት። «በእኔ ላይ ያላት ቅሬታ አንድ ቢጨመርበት አይከብዳትም።»

የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም። «እንዲህማ አልላትም አባባ» አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጋሼ ነበርኩ።

መብራቱ ብዙም ሳይቆይ መጣ። ማዘርቦርዱን አውጥተን በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀመጥነው። የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ሰካን። እሱ ካቻቢቴውን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም መልሼ ለእሱ ሰጠሁት። መርፌዎቹን ነካ። ፋኗ ዞረች። ትቆማለች ብለን ጠበቅን፤ አልቆመችም፤ ዞረች፣ ዞረች። እሱ «አልሐምዱሊላህ»፣ እኔ «ተመስገን» ያልነው አንድ ላይ ነው፤ የማን ድምፅ እንደቀደመ አላውቅም።

እንግዲህ ጥፋቱ ከሣጥኑ ነው ማለት ነው። በስልኩ መብራት ውስጡን አየነው። ማዘርቦርዱ የሚቀመጥባቸው የነሐስ እግሮች አሉ፤ ከእነሱ አንዷ የብሎን ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ቆማለች፣ ጫፏ የማዘርቦርዱን ጀርባ ይነካል። ነገሩ ሁሉ እሷ ነበረች። ቃሲም ሲያያት በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ተርፋኝ ነበር» አለ። «እንዳይነቃነቅ፣ በደንብ እንዲያዝ ብዬ ነው የጨመርኳት አባባ።»

እንዳይነቃነቅ ብሎ አጥብቆ ከያዘ ሰው ጋር እንዴት እጣላለሁ? በፒንሳ ፈትቼ አወጣኋት።

ሁሉንም መልሰን ገጠምን። ዲስኩን የመጨረሻ አደረግነው፤ ሁለታችንም እሱን መሰካት ፈርተን እንደነበር አሁን ይገባኛል። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ቆየ፣ ከዚያ ስምሽ ወጣ። ቃሲም የይለፍ ቃልሽን ጻፈና የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተ። ያየነው የአንድ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ፕላን ነበር። ልጄ፣ ይህን ዕድሜ ስኖር መጸዳጃ ቤት አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንድ በአንድ ከፈትናቸው፤ የሳጉሬው እህል መጋዘን፣ የመምህራኑ ቤቶች፣ ያ ደረጃው እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠማዘዘው። ሁሉም አሉ። ይህን ሁሉ አንቺ እንደሠራሽው አላውቅም ነበር። መስመሮችሽ ቀጥ ያሉ ናቸው። ባለቤትሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ፤ እኔ የወደቀ ብሎን ፍለጋ ጠረጴዛው ሥር ገባሁና ትንሽ ቆየሁ።

እንደ ልማድሽ ስትደውይ እዚያው ነበርኩ። «ይሠራል?» አልሽው። «ይሠራል!» አለሽ። ድምፁ ተለየብሽና «ምን ያስቅሃል?» አልሽው፤ ከዚያም ራስሽ ሳቅሽ። ስልኩ ጮክ ብሎ ስለተከፈተ ሰማሁት። አጠገብሽ ሰው አለ እንዳይልሽ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ሳቅሽ የእናትሽ ሳቅ ነው። እንደዚያ ያለ ሳቅ ለብዙ ጊዜ አልሰማሁም ነበር።

ስትወልጂ ደግሞ ለእኔ የደወሉልኝ ወይዘሮ ፋጡ ናቸው። ከዚያ በፊት ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። እያለቀሱ በኦሮምኛ መረቁኝ፣ እኔም የልጅነቴ ኦሮምኛ ሳይጠፋኝ አሜን አልኳቸው። «እናቲቱም ልጂቱም ደህና ናቸው» አሉኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጋቢዬን አጣፍቼ ደጅ ወጣሁ፤ የት እንደምሄድ ግን አላውቅም ነበር። ጎረቤታችን ወንድምአገኝ «ምን አገኘህ?» ቢለኝ «አያት ሆንኩ» ብዬ ጮህኩበት።

አሁን የምነግርሽ ቁም ነገር ይህ ነው። ከልጄ ከቃሲም ጋር ሳጉሬ ወርደን ሁለት በግ ገዛን። ፋሲካ ሲደርስ ይወደዳል ብዬ ነው። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ፤ ሁለቱም ግቢዬ ውስጥ ታስረው ይጮሃሉ፣ እንቅልፍ ነሥተውኛል። አንዱን ወንድምአገኝ ያርደዋል፤ ሌላውን የቃሲም አጎት ከጮሌ መጥተው ያርዱታል። ድግሱ ጾሙ ተፈቶ አንቺም ስትበረቺ፣ በእኔ ግቢ ነው። ለሠፈሩም ለጮሌም ሰው ነግሬአለሁ። ድስቱ ሁለት ይሆናል፤ ድንኳኑ አንድ ነው።

በብርድ አትውጪ። የጀመርሽውን መድኃኒት ሳትጨርሺ እንዳትተዪ። ለወይዘሮ ፋጡ እጅ ነሥቼአለሁ በዪልኝ፤ ሲመጡ ማረፊያቸው እዚህ ነው፣ የእናትሽን ክፍል አስጠርጌዋለሁ። ሕፃኗን አምላክ በጥላው ይጋርዳት፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃት፣ የሁለቱም ወገን ምርቃት አይለፋት። ለአንቺም ሰውነትሽን ይጠግንልሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ።

ደጁን ክፍት አድርጎ የሚጠብቅሽ፣

አባትሽ