ሳቄን ላንቺ ሰጠሁሽ

ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ካዛንቺስ

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ማለቴ፣ ትናንት ጠዋት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስላንቺ የጮህኩት ውሸት ነው። ይኸው ጻፍኩት። ከዚህ በታች ያለውን ባታነቢው እንኳ ይቺን መስመር አንብቢያት።

ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ከቀብር መልስ እህል ቀምሰሻል? እናትሽ እዚህ ድንኳን ውስጥ ከእማዬ አጠገብ ናት። ድምፅዋ ተዘግቷል እንጂ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ ልበልሽ። ጓዳ ገብቼ የጤፉ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ሰው ምሳ እየበላ ስለሆነ የሚፈልገኝ የለም። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም፤ ፊደሌን አትሳቂበት። ልደውልልሽ ነበር፣ ግን ስታነሺው ድምፄ አይወጣም። እናንተ ጋ ስመጣ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ደምበል መውረድ ሲገባኝ ኦሎምፒያ ድረስ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ታውቂያለሽ።

ከአርብ ልጀምር። አርብ ጠዋት እማዬ ከወንድሟ ከጋሼ አጽብሃ ጋር «አዳማ ሰርግ አለብን» ብላ ወጣች። ያልተለመደ ነገር አይደለም፣ ጥር ነው፣ ሰርግ አያልቅም። ግን በቤት ጫማ ነበር የወጣችው። ወዲያው አንቺ ጌምሽን ይዘሽ መጣሽ። ያንን ጌም! እጄን ሳልታጠብ እንዳልነካው ስትከለክዪኝ የኖርሽውን። «እንቺ፣ እስኪበቃሽ ተጫወቺ፣ እዚሁ ነው የማድረው» ስትዪኝ ደነገጥኩ። ትንሽ ቆይታ ጎረቤታችን እትዬ ጀማነሽ፣ በበሯ ሳልፍ ሰላም እንኳ የማትለኝ ሴትዮ፣ ሳምቡሳ ገዝታ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። «ብዪ የኔ ልጅ፣ ብዪ» አለችኝ። ዛሬ ሁሉም ሰው ምን ነካው አልኩ በሆዴ።

ጌሙ ውስጥ ያለችውን ዳክዬ ግን ወደድኳት። ያቺ ፖስተኛ ዳክዬ፣ ቆቧ ዓይኗን የሸፈናት፣ ቦርሳዋ መሬት ለመሬት የሚጎተት። ስታስነጥስ ደብዳቤው ሁሉ ይበተናል። ፍየሉ መጥቶ አድራሻውን ይበላዋል። የዳኛው ደብዳቤ ዳቦ ጋጋሪው ጋ ይደርሳል። ደስ የሚል ወሬ የደረሰው ሰው ወገቡን ይዞ ይጨፍራል፤ መጥፎ ወሬ የደረሰው ደግሞ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ በጀርባው ዘጭ ይላል፣ እግሩ ብቻ አየር ላይ ይወራጫል። እኔን የሚያስቁኝ የሚወድቁት ነበሩ። አንቺ በወደቁ ቁጥር ፊትሽን ታዞሪ ነበር። «ይሄኛውን ተዪው በናትሽ፣ የሚጨፍረው ጋ ውሰጃት» ትዪኝ ነበር።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

አባዬ ከጅቡቲ ሲመለስ የጭነት መኪናውን አዋሽ ላይ ያቆምና ወደ እማዬ ስልክ ሁለቴ አስጠርቶ ይዘጋል። ሚስኮል ነው፤ አናነሳውም። «አዋሽ ደርሻለሁ፣ ሰላም ነኝ» ማለት ነው። ሐሙስ ማታ ሳይደውል ቀረ። አርብ ከሰዓት አንቺ «ፊቴን ልታጠብ» ብለሽ ግቢ ወጣሽ። ስልክሽ ቻርጅ ላይ ነበር። እኔም ሁለቴ አስጠርቼ ልዝጋ፣ ይገባዋል ብዬ የአባዬን ቁጥር መታሁ።

ሁለቴ አልጠራም። ወዲያው ተነሳ።

«ሃሎ? የባለ ስልኩ ዘመድ ነሽ?» አለኝ የማላውቀው ሰውዬ፤ ስምሽን አባዬ ስልክ ላይ አይቶት ይሆናል። «ሃሎ!» አለ ደግሞ። ከዚያ አጠገቡ ላለ ሰው «ልጅ ሳትሆን አትቀርም፣ ትንፋሿ ይሰማል» ሲለው ሰማሁት። ድምፁን ዝቅ አደረገና «እህቴ፣ እዚያ ትልቅ ሰው ካለ አቅርቢልኝ» አለኝ።

ትልቅ ሰው። በቃ፣ ያኔ አወቅኩ። ዘግቼ ቁጥሩን ከስልክሽ ላይ አጠፋሁት። ስልክሽን እንደነበረ ቻርጅ ላይ መለስኩት። እስካሁን የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው፣ እንደነበረ መመለሴ።

አንቺም ተመለስሽ። ፊትሽ ደረቅ ነበር፣ ዓይንሽ ግን ቀልቷል። አርብ እኮ ውኃ ጠፍቶ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ባዶ ቧንቧ ሥር ምን ስትሠሪ እንደቆየሽ ገባኝ። «እሺ፣ ዳክዬሽ የት ደረሰች?» አልሽኝ። ዳክዬዋን ዳኛው በር ላይ ወስጄ ደብዳቤውን ሰጠሁት። ዘጭ አለ። ሳቅኩ። እትዬ ጀማነሽ ከግቢ «እሰይ፣ ትሳቅ!» እስክትል ድረስ ሳቅኩ። አንቺም ሳቅሽ። አንቺ እኔ እንዳላውቅ ብለሽ፣ እኔ ማወቄን እንዳታውቂ ብዬ። ቅዳሜንም እንደዚያው ስንስቅ ዋልን። ጨዋታው እስካላለቀ ድረስ ማንም አፉን አይከፍትም፣ አፋቸውን እስካልከፈቱ ደግሞ አባዬ ገና መንገድ ላይ ነው፤ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ከዳክዬዋ ቦርሳ አንድ ደብዳቤ ሲቀር ጌሙን አጠፋሁት። አሁንም አንድ እንደቀረ ነው።

እሁድ ሊነጋ ሲል ግቢው በሰው ሞላ። ሁሉም የየራሱን ጫማ ያያል። ጋሼ አጽብሃ ትከሻዬን ይዞ «በርቺ ልጄ፣ አባትሽ ከአዋሽ ወዲያ መኪናው ተገልብጦ…» አለኝ። የማውቀውን ነበር የነገረኝ። ግን በድምፅ ሲነገር እንደዚያ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። በጀርባዬ ወደቅኩ። ልክ እንደ ዳኛው። ሲያነሱኝ እትዬ ጀማነሽ ደረቷን እየመታች «ወይኔ፣ ትናንት እንኳ ስትስቅ ነበር!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያንን ሳቅ የማደርግበት አጣሁ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር፤ ላንቺ ሰጠሁሽ።

«እሷ ናት! መሞቱን እያወቀች ስታስቀኝ የነበረችው እሷ ናት! ከቤቴ አውጡልኝ!»

የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም። አንቺ አላሳቅሽኝም፤ እያወቅኩ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ማንም «ተይ» አላለኝም። ጌሙን አስይዛ የላከችሽ እናትሽ መሬት መሬት አየች። እትዬ ጀማነሽ፣ ያቺ ሁሉን የምታውቀው፣ «የዛሬ ልጆች! በሬሳ ላይ ጌም!» አለች። አንቺም ከበሩ ዞረሽ ወጣሽ። ቀብር ላይ ከቂርቆስ አጥር ውጪ፣ ጧፍ ሻጮቹ አጠገብ ብቻሽን ቆመሽ አየሁሽ።

የሞተው እኮ የእኔ አባት ብቻ አይደለም፣ አጎትሽ ነው። ቃሊቲ ድረስ በጋቢና ሲወስደን መስኮቱ ጋ የሚያስቀምጠው አንቺን ነበር፣ እኔ እየተናደድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ለእኔ ስትዪ ለቅሶሽን ውጠሽ ከረምሽ። ሊለቀስ ሲፈቀድ ደግሞ እኔው ከለቅሶው አባረርኩሽ።

ይህን ደብዳቤ ጋሼ አጽብሃ ዛሬውኑ በእጅሽ ያደርስልኛል። ጌምሽን በነጠላዬ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። መጥተሽ እንድትወስጂው ብዬ ሆን ብዬ ነው ያልላክሁት።

እግዚአብሔር ዕንባሽን ባዶ ቧንቧ ሥር ሳይሆን ወገን መሃል ያድርግልሽ። እኔን እንዳበረታሽኝ፣ አምላክ አንቺንም የሚያበረታ ሰው አያሳጣሽ። የአባዬን ነፍስ ለሁለታችንም ይማርልን።

ነገ ሠልስት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ይነሳል። እሁድ የሰሙኝ ሰዎች አንድ ላይ የሚቀመጡት ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየቤታቸው ይበተናሉ፣ ስላንቺ የያዙትንም ይዘውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ድንኳኑ ሳይነሳ መሃላቸው እቆማለሁ። እማዬ ፊት፣ እትዬ ጀማነሽ ፊት፣ የስልኩንም የሳቁንም እናገራለሁ። በሰው ፊት ጮክ ብዬ የተናገርኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ውሸት ነበር። ነገ ሁለተኛዬ ነው። ከእናትሽ አጠገብ ቦታ እይዝልሻለሁ።

የአጎትሽ ልጅ